አዳሙ አለ

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ሂዊ ሥራዋን ዛሬ ጨረሰች። አራት ራውተር ሰቅላለች፦ አንዱ በሩ ጋ፣ አንዱ ሚዛኑ ጋ፣ አንዱ ሴቶቹ ባቄላ ከሚለቅሙበት መደብ በላይ፣ አራተኛው ከኋላ ከበቆሎው ክምር አጠገብ። ሁለት ቀን ሙሉ የመጋዘኑን ወለል በጠመኔ በሳጥን በሳጥን እየከፈለች፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ስልኳን ይዛ እየቆመች ስትመዘግብ ነበር። ጫኞቹ «መምህርቷ ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች» እያሉ ሳቁባት። እሷም ሳቀች። ኮምፒውተር ልታስተምር ወደ ማርቆስ የተመደበች፣ ለክረምቱ ሥራ የምትፈልግ ልጅ ናት፤ ቁም ነገረኛ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ዋይፋይ ሲይዝ በእሱና በየራውተሩ መካከል ያለው ሞገድ እንደ ርቀቱና እንደ መከለያው ይበረታል፣ ይደክማል። ሚዛኑ ጋ አንድ ልክ አለው፤ ከኋላ ሌላ ልክ። ሂዊ የየሳጥኑን ልክ ስለመዘገበች ፕሮግራሙ አመሳክሮ «ይህ ስልክ እዚህ ነው» ይላል። በእኔ ስልክ ላይ ስም ይወጣል፣ ከስሙ ቀጥሎ ቦታው፣ ከዚያ «አለ» ወይም «የለም»። አማርኛውን ያስገባችው ራሷ ናት። ዋይፋይ እስካገኘሁ ድረስ ሌላ አገር ሆኜም ማየት እችላለሁ።

ሚዛኑ ላይ ቆሜ የሰው ስም ስጣራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከክምር ጀርባ የሚተኛው ይተኛል፤ እኔ እጮሃለሁ፤ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። ከእንግዲህ አልጮህም።

ሂዊ ስትሄድ፦ «እትዬ የዓለምዘርፍ፣ ሁለት ነገር አይርሱ። እህል ሞገድ ይጠጣል፤ ክምር በተነሳና በተጨመረ ቁጥር እንደገና መለካት አለብኝ። ሁለተኛ፣ ይህ የሚያሳይዎት ስልኩን ነው፤ ሰውየውን አይደለም።»

«በዚህ ዘመን ስልኩን ጥሎ የሚሄድ ማን አለ?» አልኳት።

ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ሐምሌ 11

ለጫኞቹም ለለቃሚዎቹም ዋይፋዩ በነጻ ነው አልኳቸው። የሞባይል ዳታ ከጠፋ ስንት ጊዜው፤ ተሻሙበት። ስድስቱም ሠራተኞች ስልካቸውን እየሰጡ ሂዊ አስገባችላቸው። በየስልኩ ላይ አንዲት ነገር አጠፋች፤ ካልጠፋች ስልኩ ለራውተሩ የሚነግረውን መለያ እየቀያየረ ያምታታል አለች። ለምን እንደሆነ ለሠራተኞቹ አልነገርኳቸውም። ቢጠይቁ እነግራቸው ነበር።

አዳሙ ብቻ አንድ ነገር አለ። አዳሙ የጫኞቹ አለቃ ነው፤ እኔ ጋ አሥራ አራት ዓመቱ። ልጅነቱን ቅኔ ቤት ፈጅቶ፣ ሳይመረቅ ወጥቶ፣ ጀርባውን ለጆንያ ሰጠ፤ ምላሱ ግን እዚያው ቅኔ ቤት ቀርቷል። ኩንታል ተሸክሞ እንኳ አፉ አያርፍም።

«እትዬ፣ ይህ ነገር መጀመሪያው ዋይ ነው። ዋይ ብሎ የጀመረ ነገር በምን ያልቃል?»

«በሥራ ያልቃል» አልኩት።

«አሜን» አለ።

ሐምሌ 15

አወቁ። ቢተው ነው የነገራቸው መሰለኝ፤ የመጋዘን ኃላፊዬ ሆኖ ምስጢር መያዝ አያውቅም። ያጉረመረመ የለም። ዋይፋዩን ማጣት አይፈልጉም።

አዳሙ መጥቶ «እስቲ እኔን ያሳዩኝ» አለ። አሳየሁት። «አዳሙ — ሚዛን — አለ።» ጎንበስ ብሎ እንደ መጽሐፍ አነበበው፤ ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ፦

«አያችሁ፣ አዳሙ አለ ይላል። እንግዲህ እትዬ፣ አዳሙ አለ ባለዎት ቁጥር፣ ምን አለ ብለው ይጠይቁት።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። «አለ» መኖርም መናገርም ነውና ነገሩ ሁለት መንገድ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነገር ለእሱ ቁርሱ ነው።

ሐምሌ 21

ጠቃሚ ቀን። መኪና መጣ፤ ትዕዛዙ የሚባለው ጫኝ ከጓደኞቹ መካከል የለም። ቢተውን ጠየቅሁት።

«አሁን ሚዛኑ ጋ አየሁት እኮ።»

ስልኬን አየሁ። ትዕዛዙ — ኋላ — አለ። ሄድን። ስንዴው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ስልኩ ደረቱ ላይ።

ቢተውን በሁሉም ፊት፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከዓይንህ ይልቅ ይህን እመን» አልኩት። «እሺ እትዬ» አለ፤ ጆሮው ቀላ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ለብቻው ልነግረው ይገባ ነበር። ግን ሁሉም ይስሙት ብዬ ነው።

ሐምሌ 26

መንገዱ እንደገና ተዘጋ። የኋላው በቆሎ ወደ አዲስ አበባ መጫን ከነበረበት ሦስት ሳምንት አለፈው። አዲስ የገባውንም ሌላ ቦታ ስለሌለ በላዩ እየጨመርን ነው። ከፍታው ሃያ ጆንያ ደርሷል፤ ልማዳችን አሥራ አራት ነበር።

አዳሙ፦ «እትዬ፣ የኋላው ክምር አዘንብሏል።»

«የት ላይ?»

«ወደ መተላለፊያው። ሰማዩ አዘነበ፣ ክምሩ አዘነበለ። በመካከላቸው ያለችው አንዲት ‹ለ› ናት።»

ደግሞ ሳቅሁ። ሄጄ አየሁት። ትንሽ ነው። ክረምት ሲገባ ክምር ሁሉ ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል፣ ይረጋል። አፍርሶ እንደገና ለመከመር አሥር ሰው ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ የማፈርስበት ባዶ ወለልም የለኝም። መንገዱ ሲከፈት ከላይ ከላይ እየጫንኩ እቀንሰዋለሁ። ከአዲሱ ዓመት በኋላ።

ነሐሴ 3

ዝናብ፣ ዝናብ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ራውተሮቹ በባትሪ ሠሩ። ስድስቱም አሉ። ለቃሚዎቹ ቶሎ ሄዱ።

ነሐሴ 8

ሂዊ ደወለች። እሷም ከቤቷ ሆና ታየዋለች፤ ሥራው ደኅና ይሁን አይሁን ለማወቅ።

«ከኋላ የሚመጣው ልክ ወርዷል፤ በጣም። የኋላው ራውተር ደህና ነው። ወይ ጆንያው ከቦታው ተንቀሳቅሷል፣ ወይ ረጥቧል። እርጥብ እህል የበለጠ ይጠጣል።»

«ጨምረንበታል» አልኳት።

«መጨመር ብቻ አይመስለኝም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚወርደው። ሄደው ቢያዩት?»

አየሁት እኮ። አንዲት ቆርቆሮ ታንጠባጥባለች፤ ከሥሯ ባልዲ አስቀመጥን። መጥታ እንደገና ትለካው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ክምሩ ሲነሳ አንዴ ይሻላል አልኳት። ከኋላ ማን እንዳለ ባይታወቅም ብዙ አይጎዳም። ሥራው ያለው ፊት ለፊት ነው።

ነሐሴ 12

ፍልሰታ። ግማሾቹ ቅዳሴ ውለው ከቀትር በኋላ ይገባሉ። መጋዘኑ ጸጥ ይላል።

ትዕዛዙ ተለውጧል። ጠዋት ከገባ ከሚዛኑ ንቅንቅ አይልም። እስከ ማታ ያው ቦታ፤ አንዲት ሳጥን እንኳ አይዘልም። ሰው የሚታይ መሆኑን ሲያውቅ ይታረማል። ለቢተው ይህንኑ ነገርኩት። ቢተው ሚዛኑ ጋ ያለችውን፣ ስልክ የሚሞሉባትን የኤሌክትሪክ ሶኬት አየት አደረገና «አዎ እትዬ፣ ታርሟል» አለ።

ነሐሴ 15

ተናድጄ ነው የምጽፈው። አዳሙ ዛሬ በገዢ ፊት፣ ከጉንደ ወይን የመጣ ነጋዴ ሚዛኑ ጋ ቆሞ እያለ፦ «እትዬ፣ ያ ክምር ሰው ሊበላ ነው። ዛሬ እናፍርሰው» አለ። ቀልድም አልጨመረበት።

ነጋዴው ቀና አለ። እህሌ እርጥብ ነው ብሎ ሊያስብ ነው።

«ሥራ ከሰለቸህ በሩ ክፍት ነው» አልኩት።

ጭነቱን እንዳዘለ ቆመ። ከዚያ «በሩማ ክፍት ነው፤ የሚወጣው ጠፋ እንጂ» ብሎ አለፈ። ነጋዴው ሳቀ። ነገሩ በሳቅ አለቀ።

እንዲህ ባልለው ጥሩ ነበር። በሰው ፊት ባያነሳው ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነበር።

ነሐሴ 22

አዳሙ ሳይጠይቀኝ ከየት እንዳመጣው እንጃ አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ አጣና ክምሩን ደግፎበታል። ጋሪ ሲያልፍ ይነካዋል እንጂ ክፋት የለውም። ተውኩት።

ነሐሴ 27

ነፋስ የበሩን ሸራ ቀደደው። ለመወጠሪያ እንጨት ጠፋ፤ ቢተው የኋላውን አጣና ላምጣው ወይ አለ። አምጣው አልኩ። ነገ ሌላ እንገዛለን።

ነሐሴ 30

እንጨት አልተገዛም። ረሳሁት። መንገድ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ አለ።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ነገ በማለዳ ደምበጫ እሄዳለሁ። ይስማው የሚባል ደንበኛዬ በርበሬ አሰባስቦልኛል፤ ሱቁ ዋይፋይ አለው፤ ሥራዬን ከዚያው ሆኜ አያለሁ።

አዳሙ ማታ በሩን ሲዘጋ፦ «ነገ ርኅወተ ሰማይ ነው እትዬ፤ የሩፋኤል። ሰማይ ይከፈታል። የእኛስ ክምር መቼ ነው የሚፈታው?»

«ከአዲሱ ዓመት በኋላ ብዬሃለሁ።»

«ሦስት ቀን ነው የቀረው» አለ። «ሦስት ቀን ካስቆየን።»

መሬት እየተመለከተ ነው ያለው፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ደምበጫ፣ ይስማው ሱቅ። ዝናቡ እዚህም ያው ነው፤ ልጆች ራቁታቸውን ይዘላሉ። ፕሮግራሙን አየሁ፤ ስድስቱም ሚዛኑ ጋ። በበዓል ቀን እንዲህ ተሰብስበው መሥራታቸው ገረመኝ።

ቢተው ደወለ። የኋላው ክምር ወድቋል። ሰው አልነካም። እግዚአብሔር ይመስገን። ሸራ አልብሱት፣ የኋላውን በር ዝጉ፣ እስኪያባራ አትንኩት አልኩ። ወደቀ ማለት ደግሞ ተገላገልን ማለት ነው።

ከሰዓት

አዳሙ።

ጳጉሜ 5

በሥርዓቱ ልጻፈው። ከቀብር ተመልሻለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ሰኞ ረፋዱ ላይ ዝናቡ ወረደ። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው፤ ያልነካው ሰው ዓመቱን ሙሉ ይቆጨዋል። ሁሉም ሥራቸውን ጥለው ወደ ጓሮ ሊወጡ ሆነ። ስልክ ደግሞ ውኃ አይወድም። መክሊት፣ ከለቃሚዎቹ ታናሿ፣ ስድስቱንም ስልክ ሰብስባ በፌስታል ጠቅልላ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። እኔ ደምበጫ ሆኜ ያየሁት እሱን ነው። ፌስታል።

ይህን የማውቅ ነበርኩ። በልጅነቴ እናቴ የጆሮዋን ወርቅ ፈትታ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ መደብ ላይ አኑራ ነበር ወደዚህ ዝናብ የምትወጣ። የማይረጥበው ነገር ሁሉ ቤት ይቀራል። የዚህ አገር ሰው ሆኜ፣ በሩፋኤል ቀን፣ ዝናቡን በዓይኔ እያየሁ፣ ስድስት ስልክ አንድ ላይ ሲቆም ስድስት ሰው መሰለኝ።

አዳሙ ዝናቡን በእጁ ተቀብሎ ፊቱን ታጠበ፤ «ለልጆቼ» ብሎ በአንዲት ሀይላንድ ሞላ። ከዚያ የቆርቆሮው ውኃ በክምሩ ላይ ሲወርድ በኋላው በር አየው። ሸራ ይዞ ገባ። ማንም አልላከውም። መክሊት «ተው፣ በቆሎው ቢረጥብ አንተ ምን አገባህ» ብላው ነበር፤ «በቆሎው አይደለም፣ ከሥሩ የሚያልፈው ሰው ነው» አላት። ይህን እሷ ራሷ ነገረችኝ።

ቆርቆሮው ላይ ያለው ጩኸት ሌላ ድምፅ አያሰማም። ጓሮ ያሉት ነጎድጓድ መሰላቸው። ቢተው ከቢሮው ሄዶ አየ፤ መተላለፊያው በጆንያ ተሞልቷል። ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ክምሩ ወደቀ።»

«ሰው አለ?»

«ሌሎቹ ጓሮ ናቸው መሰለኝ። አዳሙን አላየሁትም።»

ስልኬን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁ። አዳሙ — ሚዛን — አለ።

«አዳሙ ሚዛኑ ጋ አለ። አሁን ነው የማየው።»

ቢተው «እሺ እትዬ» አለ።

ከኋላው በር እስከ ሚዛኑ ሠላሳ እርምጃ ነው። ዞሮ ቢያይ ኖሮ። ግን ከዓይንህ ይልቅ ይህን እመን የተባለ ሰው ለምን ዞሮ ያያል።

እነትዕዛዙን ጠርቶ በወደቀው ጆንያ ላይ ሸራ አለበሱበት። በሩን ዘጉ። እኔ እንዳዘዝኩት።

ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ስልካቸውን ከፌስታሉ ወሰዱ። አንዱ ቀረና ጠራ። ሚስቱ ፋንታነሽ ነበረች፤ የበዓል ዳቦ ደርሷል ልትለው። መክሊት አንስታ «እዚሁ ነው፣ ላቅርብልሽ» አለቻት። ስልኩን ይዛ አዳሙ፣ አዳሙ እያለች መጋዘኑን ዞረች። ኋላ ስትደርስ ከሸራው ጫፍ የሀይላንዷን ክዳን አየች።

የቢተው ጥሪ አምስት ሰዓት ከአሥር ይላል። ሁለተኛው፣ ያገኙት ጊዜ፣ ስድስት ሰዓት ከሁለት። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ሲያወጡት ገላው ትኩስ ነበር አሉ። ከወደቀበት ጀምሮ ምን ያህል ቆይቶ ይሆን ብዬ ሐኪሙን አልጠየቅሁም። ጥያቄው ምን ይጠቅማል።

መስከረም 1

እንቁጣጣሽ። ማንም በሬን አላንኳኳም።

መስከረም 4

ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ወጣት፣ ጨዋ ሰው ነው። ሻይ አስመጣልኝ።

«ሟቹን ወደ ክምሩ የላከው ሰው አለ?»

«የለም። በራሱ ገባ።»

«ለምን ገባ?»

«አላውቅም።»

«ክምሩ አደገኛ መሆኑን ቀደም ብሎ ያለ ሰው ነበር?»

«ምንም የተባለ ነገር የለም።»

ጻፈው። መብራት ስላልነበረ ታይፕ ተደርጎ እፈርም ዘንድ መስከረም 22 ተቀጠርኩ። ቢተውም ገብቶ ወጣ። ምን አልክ አላልኩትም፤ እሱ ግን ደረጃው ላይ፦ «እርስዎ ያሉትን ነው ያልኩት» አለኝ። ከዚያ፦ «ዓይንህንማ አትመን ተብያለሁ።»

ሐሰት አይደለም ብዬ አስባለሁ። አዳሙ ሁሉን በቀልድ ነበር የሚናገረው። ቀልድ ማስጠንቀቂያ ነው ሊባል አይችልም።

መስከረም 8

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ጫማዬን ሳራግፍ ከድንኳኑ ጀርባ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ከዚያ ጀርባ ምን ሊሠራ ገባ?»

«ሊተኛ ነዋ። ወይ ደግሞ ጆንያ ሊያሾልክ። በበዓል ቀን ሰው በሌለበት ሌላ ምን ይሠራል።»

«የመጋዘኑ ባለቤትም ለምን እንደገባ አላውቅም ብላ ቃል ሰጥታለች።»

ይህን ወሬ እኔ አላወጣሁትም። እኔ ያልኩት አላውቅም ነው። የቀረውን ከተማው ነው የሞላው።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ፋንታነሽ ቀና ብላም አላየችኝ። ትንሿ ልጅ የአባቷን የስልክ መሸፈኛ ይዛ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አንዲት አሮጊት በዜማ «ዋይ፣ ዋይ» ማለት ጀመረች። አዳሙ ስለ ዋይፋዩ ያለው ትዝ አለኝና ወጣሁ።

መስከረም 11

ሂዊ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ነግረሽኛል።»

«ነሐሴ ስምንትም ደውዬ ነበር። ልኩ የሚወርደው ክምሩ እየተጋደመ ስለነበር ነው። መዝገቡ ቀን በቀን አለ። ከፈለጉት አትሜ እሰጥዎታለሁ።»

«ምን ያደርግልኛል?»

«ለእርስዎ አላልኩም» አለች።

ራውተሮቹን ታውርዳቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይቆዩ አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ጫኞቹ ለቀዋል፤ መክሊትም ከትናንት ጀምሮ የለችም። ዝርዝሩን ስከፍተው በየስማቸው አንጻር የለም፣ የለም፣ የለም ይላል። የአዳሙን ስም ልሰርዘው ሞከርኩ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ዘጋሁት።

መስከረም 17

መስቀል። ደመራውን ከሰገነት አየሁት። ክምሩ ሥር የነበረው በቆሎ ሻግቷል፤ ከታች ያሉት ሦስት ረድፍ ጆንያዎች በእጅ ሲነኩ ይፈርሳሉ። ሐምሌ ውስጥ ተነስቶ ቢሆን ይድን ነበር። በቆሎው ማለቴ ነው።

መስከረም 21

ዛሬ ቢሮ ብቻዬን ነበርኩ። መጋዘኑ ባዶ፣ ቢተው ታሞ ቀርቷል። እንደ ልማዴ ሆኖብኝ ስልኬን ከፈትኩ።

አዳሙ — በር — አለ።

የደነገጥኩትን ያህል እዚህ አልጽፍም። ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ከቢሮው እስከ በሩም ሠላሳ እርምጃ ነው ለካ። ፋንታነሽ በሩ ሥር ቆማለች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል፤ ስልኩን ደረቷ ውስጥ አድርጋዋለች። ስልኩ ቤቱን ያውቃልና ራሱ ዋይፋዩ ውስጥ ገብቷል።

«ግቢ እንጂ» አልኳት።

«አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ጠይቂኝ።»

«ምንም አላለም ብለዋቸዋል አሉኝ። እሱ?» አለች። «አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም። ተኝቶም ያወራል። እንዴት ነው እዚህ ሲመጣ ምንም ያላለው?»

ቀጠለች፦

«ቤት ሲገባ እኮ ይነግረኝ ነበር። ‹ዛሬም አልኳቸው› ይላል። ‹ዛሬም ሳቁ› ይላል። ተወው፣ ሥራህን ታጣለህ ስለው፣ ‹በቀልድ ነው የምላቸው፣ እንዳይቆጡ› ይለኛል። አሁን ልጆቼን በየመንገዱ የሌባ ልጅ ይሏቸዋል። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም። ምን አለ? እሱን ይንገሩኝ።»

ቆሜ ሳለሁ ስልኬ በእጄ ነበር። መብራቱ አልጠፋም። አዳሙ አለ ይላል።

«አዘንብሏል አለ» አልኳት። «ሰው ሊበላ ነው አለ። በገዢ ፊት አለኝ፤ ሰደብኩት። አጣና ደገፈበት፤ እኔ አስነሳሁት። በመጨረሻው ቀንም አለ። ሦስት ቀን ካስቆየን አለ።»

አላለቀሰችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተቀመጠች።

«እንግዲያስ አለ» አለች፣ ለራሷ። ደግማም አለችው። «እንግዲያስ አለ።»

ከዚያ ተነስታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፦ «ለእነሱም እንዲሁ ይበሏቸው» ብላ ሄደች። በሩ ጋ ቆሜ ስልኬን ሳይ ቆየሁ። መንገዱን ተሻግራ ስትታጠፍ «የለም» አለ።

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ይህን ደብተር ይዤ።

መርማሪው ታይፕ የተደረገውን ቃሌን አቀረበልኝ፤ ብዕርም። አልፈርምም፣ እንደ አዲስ ጻፈው አልኩት። የሚያስከትለውን ያውቃሉ ወይ አለ። አውቃለሁ አልኩ።

ወረቀት ቀየረ። ቀኑን ጻፈ፣ ስሜን ጻፈ። ከዚያ ቀና ሳይል፦

«እሺ። ሟች ምን አለ?»

ደብተሩን ገልጬ ከሐምሌ 26 ጀመርኩ።